ሰዓት ምስክር ይሆናል ወይ? ፖጋቻር፣ ቪንጌጋርድ እና የማይበርደው ጥርጣሬ

ዳገት ቆጣሪ (ክሩን የከፈተው)

ስለ ሁለቱ ብስክሌተኞች፣ ስለ ታዴይ ፖጋቻር እና ስለ ዮናስ ቪንጌጋርድ በተወራ ቁጥር ጨዋታው ውሎ ሳያድር ወደ አበረታች ቅመም ይዞራል። የሚገርመኝ ተጠርጣሪው ከዓመት ዓመት መለዋወጡ ነው። በ2023 ቪንጌጋርድ ቱር ደ ፍራንስን (ትልቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ዙር) ሲያሸንፍ የፖጋቻር ደጋፊዎች በአንድ ሌሊት የደም ምርመራ ሊቃውንት ሆኑ፤ በ2024 እና በ2025 ፖጋቻር ሲያሸንፍ ደግሞ ሊቅነቱ እንዳለ ወደ ማዶ ተሻገረ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስለዚህ ማን ንጹሕ ነው የሚለውን ለጊዜው ትቼ፣ ከእሱ በፊት መልስ ማግኘት ያለበትን ጥያቄ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ፍጥነት ብቻውን በአንድ ብስክሌተኛ ላይ ሊመሰክር ይችላል ወይ?

ጥርጣሬውን ከሁሉ በላይ ያቀጣጠሉት ሁለት ቀናት ናቸው። አንደኛው ጁላይ 18 ቀን 2023 ከፓሲ እስከ ኮምብሉ የተደረገው የ22.4 ኪሎ ሜትር የክሮኖሜትር ውድድር ነው፤ ክሮኖ ማለት እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚወዳደርበት ማለት ነው። ያን ዕለት ጠዋት በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት 10 ሰከንድ ብቻ ነበር። ቪንጌጋርድ በ32 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ገብቶ ፖጋቻርን በ1 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ በለጠው፤ ይህም በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ4 ሰከንድ በላይ ማለት ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ሦስተኛ የወጣውን ዋውት ፋን አርትን ነው። እሱ ከአሸናፊው 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ስለዘገየ፣ ያን ቀን ክፉኛ ተሸነፈ የተባለው ፖጋቻር ራሱ ከዘመኑ ምርጥ የክሮኖ ተወዳዳሪዎች አንዱን በ1 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ቀድሞታል።

ሁለተኛው ጁላይ 14 ቀን 2024 ነው። ፕላቶ ደ ቤይ 15.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በአማካይ 7.9 በመቶ ዳገትነት ያለው አቀበት ነው። የ1998ቱ የቱር አሸናፊ ማርኮ ፓንታኒ በዚያ ዓመት ይህን ተራራ ለመውጣት ከ43 ደቂቃ በላይ ፈጅቶበት ነበር፤ ፖጋቻር ግን ወደ 40 ደቂቃ በተጠጋ ጊዜ ጨረሰው። ሰዓት ያዦች ልዩነቱን 3 ደቂቃ ተኩል ያህል ያደርሱታል። በዚያው ዕለት ቪንጌጋርድ 1 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ዘግይቶ ሁለተኛ ገባ። እሱም የፓንታኒን ሰዓት ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሽሏል ማለት ነው፤ ይህን የቪንጌጋርድ ደጋፊዎች ሲጽፉት እስካሁን አላየሁም።

እኔ የምለው፣ ሰዓት የት መፈለግ እንዳለብን ይጠቁማል እንጂ የተደበቀውን አውጥቶ አያሳይም ነው። የዚህን ስፖርት ትልልቅ ቅሌቶች መለስ ብዬ ስመለከት በሩን የከፈተው ዳገት ላይ የተያዘ ሰዓት አልነበረም። በጁላይ 1998 የፌስቲናን ቡድን ያጋለጡት የቡድኑን ወጌሻ የዊሊ ቩትን መኪና ድንበር ላይ የፈተሹ የጉምሩክ ሠራተኞች ናቸው። በ2006 ኦፔራሲዮን ፑዌርቶ የተባለውን የአበረታች ቅመም ምርመራ ያካሄደው የስፔን ፖሊስ ነው። ቱርን ሰባት ጊዜ አሸንፎ የነበረውን ላንስ አርምስትሮንግን በ2012 የጣለው የአሜሪካ ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ የሰበሰበው የ26 ሰዎች ቃል ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል 11ዱ የገዛ የቡድን ጓደኞቹ ነበሩ። የ1996ቱ የቱር አሸናፊ ቢያርነ ሪስ ደግሞ መውሰዱን በ2007 በራሱ አንደበት ተናገረ።

ቢጫ ማሊያ

ጽሑፍዎ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበለውም። የፓንታኒ ሰዓት ተራ ሰዓት አይደለም። የፈረንሳይ ሴኔት በ2013 ይፋ ባደረገው ዘገባ የፓንታኒ የ1998 ናሙና ዘግይቶ ሲመረመር ኢፒኦ የተባለው የተከለከለ ቅመም እንደተገኘበት ተገልጿል። በማግስቱ ዓመት፣ ጁን 5 ቀን 1999፣ ጂሮ ዲታሊያን (የጣሊያንን ዙር) እየመራ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው ማዶና ዲ ካምፒልዮ ላይ ሄማቶክሪቱ ከተፈቀደው 50 በመቶ አልፎ በመገኘቱ ከውድድሩ ተሰናበተ። ሄማቶክሪት ማለት ቀይ የደም ሕዋሳት ከጠቅላላው ደም የሚይዙት ድርሻ ነው፤ ኢፒኦ ይህን ድርሻ ከፍ ስለሚያደርገው ጡንቻ ብዙ ኦክስጅን ያገኛል። እንግዲህ እንዲህ ባለ ደም የተመዘገበን ሰዓት አንድ ሰው በውኃና በስኳር ብቻ በ3 ደቂቃ ተኩል አሻሻልኩት ሲል ያልጠየቅሁ መቼ ልጠይቅ ነው?

አርምስትሮንግን የጣለው የጓደኞቹ ምስክርነት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩን ለዓመታት ሕያው አድርገው ያቆዩት በ1999 ዳገት ሲወጣ አይተው “ይህስ አይዋጥልንም” ያሉ ጥቂት ጋዜጠኞች ናቸው። ያን ጊዜ ስማቸው ቅናተኛ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ይህ ስፖርት ግን ልጡን ሳይሆን እባቡን ራሱን ደጋግሞ ያሳየን ነው።

ሰውም ይታይ። የፖጋቻርን ቡድን የሚመራው ማውሮ ጃኔቲ፣ በ2008 ብስክሌተኛው ሪካርዶ ሪኮ “ሴራ” (CERA) በተባለ አዲስ የኢፒኦ ዓይነት ሲያዝና ቡድኑ ቱሩን ጥሎ ሲወጣ የዚያው የሳውኒየር ዱቫል ቡድን ሥራ አስኪያጅ ነበር።

አወያይ

በአደባባይ የታወቀ ታሪክ መጥቀስ ይፈቀዳል። በሕይወት ያሉና ምንም ያልተረጋገጠባቸው ተወዳዳሪዎች “ወስደዋል” ብሎ መጻፍ ግን አይፈቀድም፤ እንዲህ ያለ መልስ ይሰረዛል።

ንፋስ ሰባሪ

ስለ አስተዳዳሪዎች ከተነሳ ሚዛኑ ለሁለቱም ወገን ይሁን። ዛሬ ቪስማ የሚባለው የቪንጌጋርድ ቡድን የትውልድ ሐረጉ ወደ ራቦባንክ ይሄዳል፤ ራቦባንክ በ2007 ሚካኤል ራስሙሰንን የቱር መሪ የሚለብሰውን ቢጫ ማሊያ እንደለበሰ ያባረረው፣ የት እንደሚገኝ በሐሰት አስታውቋል በሚል ነው። ባንኩ ራሱ የአርምስትሮንግ ዘገባ በወጣ ጊዜ በ2012 ስፖንሰርነቱን አቋረጠ። በዚህ ስፖርት ውስጥ የቀድሞ መዝገቡ ነጭ የሆነ ነባር ቡድን መፈለግ ከባድ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም “ውኃና ስኳር” የተባለው በጣም አቃሏል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዝቅተኛውን የብስክሌት ክብደት 6.8 ኪሎ ግራም ብሎ የደነገገው በ2000 ነው፤ የፓንታኒ ዘመን ብስክሌቶች ከዚያ በግምት 1 ኪሎ ያህል ይከብዱ ነበር። በእንዲህ ያለ አቀበት ላይ 1 ኪሎ መቅለል ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይቆጥባል። ጎማዎቹ ሰፍተው 28 እና 30 ሚሊ ሜትር ደርሰዋል፤ አስፋልቱ ላይ የሚባክነው ጉልበት ቀንሷል። ምግቡም ተለውጧል። ቀድሞ አንጀት በሰዓት ከ60 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አይቀበልም ይባል ነበር፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደ ደም የሚገቡበት መንገድ የተለያየ በመሆኑ ሁለቱን ቀላቅሎ አንጀትን በልምምድ በማለማመድ ዛሬ 120 ግራም ይደርሳሉ። የዚህ ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚታየው ከአራት ሰዓት ውድድር በኋላ በሚመጣ የመጨረሻ ዳገት ላይ ነው፤ ፕላቶ ደ ቤይ ደግሞ ልክ እንዲህ ያለ ዳገት ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ራሱ ፉክክሩ ነው። ያን ቀን ፍጥነቱን ያከረረው ፖጋቻር አልነበረም። የተቀናቃኙ ቡድን አባል ማቴዮ ዮርገንሰን እየጎተተ ቆይቶ ሲለቅ፣ ቪንጌጋርድ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ እየቀረው ራሱ ጥቃት ሰነዘረ። ፖጋቻር ከኋላ ጎማው ሳይለይ ተከተለውና 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ብቻውን ሄደ። በሰዓት ወደ 24 ኪሎ ሜትር በሚወጣ ሰው ፊት የቆመ ንፋስ ቀላል አይደለም፤ የዚያን ንፋስ አብዛኛውን የሰበረለት ሊያሸንፈው የተነሳው ሰው ነው። ሁለት ኃይለኞች ሲገፋፉ ሰዓት ይወድቃል።

ይህን ሁሉ ደምሬ 3 ደቂቃ ተኩሉን ከዳር እስከ ዳር አስረዳሁ ብዬ አልምልም። የቀረውን ክፍተት አንዱ ተሰጥኦ ይለዋል፣ ሌላው ሌላ ስም ይሰጠዋል። ኮምብሉም ላይ ቢሆን ፖጋቻር ከዶማንሲ ዳገት ሥር የክሮኖውን ብስክሌት በተራ ብስክሌት ለመቀየር መቆሙ፣ ቪንጌጋርድ ግን ሳይቀይር መውጣቱ ከ98ቱ ሰከንዶች ጥቂቶቹን ያስረዳል፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

የደም መዝገብ

ዳገት ቆጣሪ ታሪኩን ሲተርኩ ላብራቶሪውን ዘለውታል። በ2006 የቱሩን አሸናፊ ፍሎይድ ላንዲስን የጣለው የሽንት ናሙና ነው። አልቤርቶ ኮንታዶር የ2010 የቱር ድሉን ያጣው ኮሎኝ ያለ ላብራቶሪ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ፒኮግራም ክሌንቡተሮል የተባለ የተከለከለ ቅመም ስላገኘ ነው፤ ያን ያህል ጥቃቅን ነገር ማየት የሚችል ሌላ ላብራቶሪ በዚያ ጊዜ ብዙ አልነበረም። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ባዮሎጂካል ፓስፖርት አለ። ይህ ቅመሙን ራሱን አይፈልግም፤ የአንድን ሰው ደም ከሌላ ሰው ደም ጋር ማወዳደሩን ትቶ ከራሱ የዓመታት መዝገብ ጋር ያስተያያል። ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ያለ ምክንያት ውድድር በደረሰ ቁጥር ከፍ የሚል ከሆነ፣ ወይም አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት መመረት ባለባቸው ጊዜ ከቀነሱ፣ ባለሙያዎች ተሰብስበው ይመረምሩታል።

ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ሁዋን ሆሴ ኮቦ በ2011 ቩዌልታ ኤስፓኛን (የስፔንን ዙር) ክሪስ ፍሩምን በ13 ሰከንድ ብቻ በልጦ አሸነፈ፤ በፓስፖርቱ መዝገብ ድሉን የተነጠቀው ግን በ2019 ነው። ፍሩም ዋንጫውን ያገኘው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። ሌላው ችግር መጠኑ ነው። በጥቂት በጥቂቱ የሚወሰድ ኢፒኦ በሽንት ውስጥ የሚታይበት ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ሲሆን፣ የፓስፖርቱንም መስመር ብዙ አያናውጥም።

በሕጉና በጥርጣሬው መካከል ያለውን ግራጫ ቦታ ማየት የፈለገ የካርቦን ሞኖክሳይዱን ጉዳይ ይመልከት። በ2024 ቱር ወቅት የፖጋቻርና የቪንጌጋርድ ቡድኖችን ጨምሮ ሦስት ቡድኖች ይህን ጋዝ በጥቂቱ የሚያስተነፍስ መሣሪያ እንደሚጠቀሙ ተዘገበ። አገልግሎቱ በሰውነት ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ሄሞግሎቢን ለመለካት፣ ማለትም የተራራ ካምፕ ሥልጠና ምን ያህል እንደጠቀመ ለማወቅ ነው፤ ቡድኖቹም ያሉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ጋዙ ደጋግሞ ቢወሰድ ሰውነትን ኦክስጅን ያጠረው አስመስሎ ደም ወደ ማምረት ሊገፋው ይችላል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከፌብሩዋሪ 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከለከለው፤ ዓለም አቀፉ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲም ለምርመራ ካልሆነ በቀር በ2026ቱ የክልከላ ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በ2024 የተጠቀመ ሰው ምንም ሕግ አልጣሰም። ደጋፊዎች ግን በ2025 ሕግ የ2024ን ሰው ሲከሱ ውለው ያድራሉ።

ሰንሰለት

በዚህ ክር ውስጥ ፉክክር የተነሳው ሰዓት እንደሚቀንስ ብቻ ነው፤ ዝምታንም እንደሚሠራ ልጨምር። ጁላይ 23 ቀን 2004 የቱሩ 18ኛ ምዕራፍ ነበር። አርምስትሮንግ ቢጫውን ለብሶ ድሉን በኪሱ አስገብቷል። በአጠቃላይ ደረጃ ከሩቅ ያለው ጣሊያናዊው ፊሊፖ ሲሜኦኒ ወደ ፊት ወዳመለጡት ጥቂት ብስክሌተኞች ሲሄድ ሻምፒዮኑ አርምስትሮንግ ራሱ ተነስቶ ተከተለው። ሲሜኦኒ በ2002 የአርምስትሮንግ አማካሪ በነበረው በሐኪሙ ሚኬሌ ፌራሪ ላይ ፍርድ ቤት የመሰከረ ሰው ነው። ቢጫው ማሊያ እዚያ እስካለ ድረስ ዋናው ቡድን እንደማይለቃቸው ስለገባቸው ከፊት ያሉት ሲሜኦኒን ተመለስልን ብለው ለመኑት። ተመለሰ። ወደ መንጋው ሲገባ ከባልደረቦቹ መካከል የሰደቡት ነበሩ፤ አርምስትሮንግ ደግሞ ወደ ካሜራ ዞሮ በጣቶቹ ከንፈሩ ላይ ዚፕ የመዝጋት ምልክት አሳየ። ያን ምስል ዛሬም መመልከት ይቻላል። በእኔ ግምት ከየትኛውም የደም ውጤት ይልቅ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው፤ ንጹሕ ሰው ምስክርን በብስክሌት አያሳድድም።

በዚያው ዘመን የነበረውን ሌላውን ፉክክር ደግሞ እዩት። በ2003 ሉዝ አርዲደን ላይ የአንድ ተመልካች ቦርሳ የአርምስትሮንግን መሪ ይዞ ሲጥለው ተቀናቃኙ ያን ኡልሪክ ፍጥነቱን ቀንሶ ጠበቀው። አርምስትሮንግ ተነስቶ ምዕራፉን አሸነፈ፤ ቱሩንም በ61 ሰከንድ ልዩነት ወሰደ። ጨዋነቱ እውነተኛ ነበር፤ ደማቸው ግን አልነበረም። ኡልሪክ ከፑዌርቶ ጋር በተያያዘ በ2012 ተቀጣ፤ በ2023 ደግሞ ሙሉውን ተናገረ። በዚያ ዓመት ሦስተኛ የወጣው አሌክሳንደር ቪኖኩሮቭም በ2007 የሌላ ሰው ደም በመውሰድ ተያዘ። ስለዚህ በ2022 ከስፓንዴል ቁልቁለት ላይ ፖጋቻር ሲወድቅ ቪንጌጋርድ ጠብቆት እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ ያየ ሰው “እነዚህ ልጆች ንጹሐን ናቸው” ብሎ ቢደመድም መቸኮል ይሆንበታል። ወዳጅነት የምርመራ ውጤት አይደለም።

አላፊ አግዳሚ

አጭር ጥያቄ አለኝ። አርምስትሮንግም ኡልሪክም ከወሰዱ እኩል ተወዳድረዋል ማለት አይቻልም? ያ 61 ሰከንድ ለምን አይቆጠርም?

የደም መዝገብ

አይቻልም፤ ይህ አስተሳሰብ በጣም የተለመደ ስለሆነ ላብራራው። የተፈቀደው ጣሪያ 50 በመቶ በነበረበት ዘመን፣ የተፈጥሮ ሄማቶክሪቱ 41 የሆነ ሰው እስከ ጣሪያው ድረስ 9 ነጥብ መጨመር ይችላል፤ ሲወለድ ጀምሮ 47 ያለው ደግሞ 3 ነጥብ ብቻ ይቀረዋል። ያለ መድኃኒት የሚበልጠው ሰው ጥቂት ያገኛል፣ የሚያንሰው ብዙ ያገኛል ማለት ነው። በዚህ ላይ የአንዱ ሰውነት ለተመሳሳይ መጠን የሚሰጠው ምላሽ ከሌላው ይለያል፤ የአንዱ ሐኪም ከሌላው ይበልጣል፤ የአንዱ ገንዘብ የደም ከረጢት በጊዜው ያደርስለታል። ሁሉም ሲወስድ ውድድሩ በብስክሌተኞች መካከል መሆኑ ቀርቶ ማን የተሻለ ሐኪም አለው ወደሚል ይለወጣል። ከ1999 እስከ 2005 ያሉት ሰባቱ የአርምስትሮንግ ድሎች ለሁለተኛው ሰው ሳይሰጡ ባዶ የቀሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ዳገት ቆጣሪ

የላብራቶሪውን ድርሻ ስላስገቡልን አመሰግናለሁ፤ ሐሳቤን ያጠብቀዋል እንጂ አይንደውም። ላንዲስን ያጋለጠው ተአምር የሚመስል ጉዞው ሳይሆን ከጉዞው በኋላ የሰጠው ናሙና ነው።

ለቢጫ ማሊያ የምመልሰው አንድ ነገር አለ። “የኃይል መለኪያቸውን ቁጥር ይፋ ያድርጉና እንመን” የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ይህ አንድ ጊዜ ተሞክሯል። በ2015 ፍሩም ቢጫውን ለብሶ ሲጋልብ ከመንገድ ዳር የቆመ ሰው ሽንት ደፋበት። ከዚያ በኋላ ለንደን ውስጥ በገለልተኛ ላብራቶሪ ተመርምሮ ውጤቱ ታተመ፤ ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀሙ (በደቂቃ ለአንድ ኪሎ ክብደት በሚሊ ሊትር) 84.6፣ ክብደቱ 70 ኪሎ ገደማ ሆነ። ከ2007 የተገኘ የቀድሞ ምርመራው ደግሞ 80.2 እና 75.6 ኪሎ ግራም ያሳይ ነበር። አንዱ ወገን “ሞተሩ ድሮም ነበረ፤ የቀነሰው ስብ ብቻ ነው” አለ፤ ሌላው ወገን “ያን ያህል ስብ ጉልበት ሳይቀንስ እንዴት ጠፋ?” አለ። በዚያ ቁጥር ምክንያት ሐሳቡን የለወጠ ሰው አላጋጠመኝም። ቪንጌጋርድም በ2023 “ለልጄ የማልሰጣትን ነገር አልወስድም” ሲል አባባሉ ልብ ይነካ ነበር፤ ሆኖም ያመነው ቀድሞ ያመነው ነው።

ቢጫ ማሊያ

ቁጥር ማተም ጥቅም የለውም በሚለው እንስማማ። ቃላቸውንም አልጠይቅም፤ አርምስትሮንግም ቃል ሰጥቶ ነበር። የምጠይቀው ናሙናውን ነው። ሕጉ ናሙናዎችን እስከ 10 ዓመት አስቀምጦ በአዲስ ዘዴ መልሶ መመርመርን ይፈቅዳል። የኮምብሉ ናሙናዎች እስከ 2033፣ የፕላቶ ደ ቤዮቹ እስከ 2034 ድረስ ሊከፈቱ ይችላሉ። የመድረኩን ሦስት ሰዎች ናሙና፣ ጥቆማ ኖረም አልኖረም፣ በየጊዜው መክፈትና ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ እንኳ ውጤቱን ማሳወቅ ለምን ግዴታ አይሆንም? በ1999 የተሰጡ የአርምስትሮንግ ናሙናዎች ዘግይተው ሲመረመሩ ኢፒኦ እንደተገኘባቸው ጋዜጣ ላይ የወጣው በ2005 ነበር፤ ምርመራው ግን ለጥናት የተደረገ እንጂ ለቅጣት ስላልነበረ ለጊዜው ምንም አላመጣም።

የደም መዝገብ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ናሙናው መጠኑ ውሱን መሆኑ አይዘንጋ። በተከፈተ ቁጥር ይጎድላል፤ ሲያልቅ ደግሞ የሚተካው የለም። ዘዴው ሳይደርስ ቀድሞ የከፈተው ሰው ምንም ሳያገኝ ይጨርሰዋል፤ እጠብቃለሁ ያለው ደግሞ 10 ዓመቱ ያልፍበታል። በየጊዜው ከመክፈት ይልቅ አንድ አዲስ ዘዴ በተረጋገጠ ቁጥር፣ ከሁሉ በፊት ያ ዘዴ የሚያየው ቅመም ይሠራበታል ተብሎ ከተጠረጠረበት ዓመት መጀመር የተሻለ ይመስለኛል። ውጤቱን የማሳወቁ ግዴታ ግን ዛሬውኑ ቢጻፍ ማንንም አይጎዳም።